በእናቴ ስም የተከፈለ ዕዳ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለወንድሜ አልነገርኩም፤ በጁምዓ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ለምንሰግደው ለጋሼ እንድሪስ አልነገርኩም፤ በስልክ ስጠራት "አቤት ልጄ" ትለኝ ለነበረችው እናቴም አልነገርኩም። ለእሷማ ምን ብዬ? በእምነታችን ሰው ጥፋቱን አደባባይ አያወጣም፤ ጌታው የሸፈነለትን በገዛ እጁ አይገልጥም። በዚህች ቃል ስንት ጊዜ ተሸሸግኩባት! ግን የሰው ሐቅ ሌላ ነው። የሰው ሐቅ ባለቤቱ ራሱ ይቅር ብሎ አፉ ካላለ እንደማይሰረዝ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲነገር ሰምቻለሁ። እኔ የብዙ ሰው ሐቅ በልቻለሁ፤ የበላሁትም በእናቴ ስም ነው። ፊታችሁ ቆሜ በቃሌ ለመናገር ወኔ ስላጣሁ እጽፋለሁ። ይህም ቢሆን ፍርሃት እንጂ ጨዋነት አይደለም።

በደንብ ለማታውቁኝ፣ ሰኢድ እባላለሁ። የምኖረው ሜልበርን ዳር፣ ሜልተን ነው፤ ትሩጋኒና ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ ሳነሳና ሳወርድ እውላለሁ። ሚስት ነበረችኝ፣ ተለያይተናል። የሄደችው ዕዳው ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ በእሷ እንኳ ማላከክ አልችልም። ዕዳውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የራሴ አለቃ ልሁን፣ ዕቃ በየቤቱ ላድርስ ብዬ ነጭ ቫን በብድር ገዛሁ። ያሠራኝ የነበረው ድርጅት ሥራውን ለሌላ ሲሰጥ ቫኑ ደጃፍ ላይ ቆመ፤ ክፍያው ግን አልቆመም። እሱን ለመክፈል ክሬዲት ካርድ አወጣሁ፤ ካርዱን ለመክፈል ሌላ ካርድ። በመጨረሻ አበዳሪው ቫኑን ወስዶ በርካሽ ሸጠውና የጎደለውን ክፈል አለኝ። መኪናው የለም፣ ዕዳው አለ።

ሁሉም ደግሞ ወለድ ነው። ወለድ! መስጊድ ውስጥ ወለድ ሲወገዝ ከፊት ረድፍ ተቀምጬ ራሴን ስነቀንቅ የነበርኩት ሰውዬ! ለሰው ያልነገርኩትም ለዚህ ነው። ብነግራቸው ተሰባስበው እንደሚያወጡኝ ያኔም አውቅ ነበር። ግን ስሜ በለጠብኝ። ሰኢድ ወለድ በላ ከሚባል ሞቴን መረጥኩ። አፌ ግን የገደለው እኔን አልነበረም።

ሲጨንቀኝ ኢንተርኔት ላይ ወዳየሁት አንድ ድርጅት ደወልኩ። የሰው ዕዳ እናስተዳድራለን የሚሉ ናቸው። እኔ በየወሩ አንድ ክፍያ ለእነሱ እልካለሁ፤ እነሱ ለአበዳሪዎቼ ያከፋፍላሉ፤ መሀል ላይ የድካማችን የሚሉትን ይቆርጣሉ። አንድ ወር ከዘለልኩ ፕላን የሚሉት ይህ ውል ይፈርሳል፣ ሁሉም እንደገና ይነሳብኛል። ያነጋገረችኝ ሴት "ከእንግዲህ እረፍት ታገኛለህ፤ ከደወሉ ፕላን ላይ ነኝ በላቸው" አለችኝ። አልኳቸው። ባለካርዶቹ እሺ ብለው ዝም አሉ። የቫኑ አበዳሪ ግን ፕላኑን አልቀበልም አለ። መቀበል ግዴታው እንዳልሆነ ያወቅኩት የመጀመሪያውን ክፍያ ከላክሁ በኋላ ነው። በዚሁ ከተማ በነጻ የሚያማክሩ ሰዎች እንዳሉም የሰማሁት በጣም ዘግይቼ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ ሳትነግረኝ ያቺ ሴት የቆረጠችው የምን ድካሟን ነው?

የቫኑ አበዳሪ ያስደውልብኝ የነበረው አንድ ወጣት ነው። ድምፁ ለስላሳ ነው። እንዴት ዋልክ ይላል፣ ሳምንቱ እንዴት ነበር ይላል፣ ከዚያ በዚያው ድምፁ ፍርድ ቤት እንደሚወስዱኝ ይነግረኛል። ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ! ተሳዳቢን መልሶ መሳደብ ይቻላል፤ ጤናህን እየጠየቀ የሚያንቅህን ምን ታደርገዋለህ? ሥራ ላይ ይደውላል። ባቡር ውስጥ ይደውላል። ለሶላት ስታጠብ ይደውላል። ሺፍት ተቀንሶብኛል ብዬ ለመንኩት። ወገቤን ታምሜያለሁ ብዬ ለመንኩት፤ እውነቴን ነበር። "ይገባኛል" ይላል፣ ቀጥሎም መቼ ነው የምትከፍለው ይላል። ምን ገብቶት ነው ይገባኛል የሚለው? እየዋለ እያደረ ስልኬን ሳላይ መዝጋት ለመድኩ። ገና ሲነዝር አውራ ጣቴ ኪሴ ውስጥ እንዳለች ድምፁን ታጠፋዋለች። ወደዚህች አውራ ጣት እመለሳለሁ።

ያን ቀን የወሩ የፕላን ክፍያ አልሞላልኝም ነበር። በምሳ ሰዓት የመጋዘኑ መኪና ማቆሚያ ላይ ቆሜ እንዴት አድርጌ እንደምሞላው ሳስብ በማላውቀው ቁጥር ተደወለ። አነሳሁት። ያው ልጅ ነው። እንዴት ዋልክ አለኝ። ደሜ ፈላ። ምን እንደምናገር ሳላስብ በእንግሊዝኛ ጮኽኩበት። "እናቴ ሞታለች! እናቴ ሞታለች እኮ፣ ለምን አትተወኝም!"

እሱ በሐዘኔ እጅግ ማዘኑን ነገረኝ፤ ለጥቂት ሳምንታት እንደማይደውሉልኝ ነገረኝና ዘጋ። የታመመ ወገቤ ያላራራውን፣ የተቀነሰ ሺፍቴ ያላስቆመውን፣ የእናቴ ሞት አስቆመው። ወዲያው የጸጸተኝ መስሏችሁ ይሆናል። አልጸጸተኝም። ተናደድኩ እንጂ። እነዚህ ሰዎች ዝም እንዲሉ የግድ እናት መሞት አለባት? በሕይወት ያለ ሰው ችግር ችግር አይደለም? እናቴን በአፌ ገድዬ የተቆጣሁት በእነሱ ነበር። እሷ በዚያ ሰዓት ወሎ ውስጥ፣ ከሐይቅ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ ወንድሜ ሁሴን ቤት፣ በደህና አድራ ለሱብሂ ሶላት ተነስታለች። ምናልባት ስሜን እየጠራች ዱዓ ታደርግልኝ ነበር።

ጋሼ እንድሪስ ከጎኔ በቆመችው መኪናቸው ውስጥ፣ መስኮቱን ከፍተው ምሳቸውን እየበሉ ነበር። የደሴ ሰው ናቸው፤ መጋዘኑ ሥራ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። እኔ አላየኋቸውም። እሳቸው ግን ሰሙ። የሌላ አገር ሰው ቢሆን ያኔውኑ ወርዶ ምን ሆነሃል ይለኝ ነበር፣ እኔም ምንም ብዬ እገላገል ነበር። የእኛ ሰው እንዲህ አያደርግም። ሐዘንተኛን ሜዳ ላይ ብቻውን አያስለቅስም፤ በመጀመሪያ ሰው ይጠራል፣ ቤት ያዘጋጃል፣ ከዚያ ነው የሚቀርበው። ጋሼ እንድሪስ አለቃውን አስፈቅደው ወጡ። እኔ ሺፍቴን ጨረስኩና፣ ከደዋዩ ስለተገላገልኩ ቀለል ብሎኝ ወደ ቤት ነዳሁ።

የምኖረው እትዬ ዘይነብ ጓሮ ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። ስደርስ መንገዱ ዳር መኪና ተደርድሯል፤ የእትዬ ዘይነብ በር ላይ ጫማ ተከምሯል። ወይኔ፣ እትዬ ዘይነብ ሰው ሞተባቸው ብዬ ደነገጥኩ። ጫማዬን አወለቅሁ፤ ፊቴን የሐዘን ፊት አደረግሁ፤ ላጽናና ገባሁ። ሶፋው ወጥቶ ፍራሽ ተነጥፏል። ገና ብቅ ስል ሁሉም ተነሱልኝ።

"ሰኢዴ፣ እኛ እያለንልህ ብቻህን ልትሸከመው?" አሉና እትዬ ዘይነብ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ።

"አትደብቀን ልጄ" አሉ ጋሼ እንድሪስ። "ካር ፓርኩ ላይ በስልክ ስትናገር ሰምቼሃለሁ። አላህ ይዘንላቸው።"

አልሞተችም ማለት ምን ያቅታል? አንድ ቃል ናት። ግን አልሞተችም ካልኩ፣ ታዲያ በስልክ ለማን ነው ሞተች ያልከው እባላለሁ። ለአበዳሪ ካልኩ፣ የምን አበዳሪ እባላለሁ። ከዚያ ቫኑ ይመጣል፣ ካርዶቹ ይመጣሉ፣ ወለዱ ይመጣል። እናም ዝም አልኩ። እትዬ ዘይነብ ሲያለቅሱ እኔም አለቀስኩ። እንባው እውነተኛ ነበር፤ ያለቀስኩት ግን ለራሴ ነው። ልብ ብላችሁ ብታዩኝ ታውቁብኝ ነበር። ለምን አላያችሁኝም? ለምን አንዳችሁ እንኳ መቼ ነው፣ በምን ነው ብላችሁ አላጣራችሁም? ይኸው፣ እምነታችሁን እንደ ጥፋት ቆጥሬ ልከሳችሁ ይቃጣኛል። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ።

ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። አወጣሁት። "እማ" ይላል። ለጁምዓ ካልሆነ የማትደውለው እናቴ፣ ያን ቀን ምን እንደነገራት እንጃ፣ በጠዋት ደወለች። አውራ ጣቴ እንደለመደችው ዘጋችው። ለዚያ ልጅ በተለማመድኩት እጅ እናቴን ዘጋኋት። ማንም አላየም። ጋሼ እንድሪስ ትከሻዬን ያዙኝ።

እስከዚህ ያለውን ንዴት አመጣው፣ ድንጋጤ አመጣው ብትሉልኝ ትችሉ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ማንም አላስገደደኝም።

ጋሼ እንድሪስ የእናቴን ስም ጠየቁኝ። "ፋጡማ። ፋጡማ ይማም" አልኳቸው። ሁሉም እጃቸውን ዘርግተው በስሟ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ሰኢዴ፣ አይክፋህ፣ መጠየቅ ያለበት ነገር ነው። ዕዳ ነበረባቸው? የሟች ነፍስ ዕዳዋ ሳይከፈል አታርፍም። ካለ ንገረን። ያንተ እናት የኛም እናት ናቸው፤ ዛሬውኑ ፔይ አድርገን እናሳርፋቸዋለን።"

ወገን ሲሞት የሚጠየቅ ነው፤ አገር ቤትም መቃብር ላይ ይጠየቃል። እኔም ስንት ለቅሶ ላይ ሲጠየቅ ሰምቻለሁ። የለባትም ብል አበቃ። እናቴ የለባትም ነበር። የጎረቤት ጨው እንኳ ተበድራ ሳትመልስ አታድርም።

"አዎ" አልኩ። "አለባት።"

ሌላ ጊዜ ላድበሰብሰው እችል ነበር፤ ዛሬ አላድበሰብሰውም። እኔ፣ ሰኢድ፣ ዕዳዬን ከአንገቴ አውልቄ በእናቴ አንገት አሰርኩት። ስንት ነው ሲሉኝ አፌ ላይ የመጣው የወሩ የፕላን ክፍያ ነበር። እሱን ከመናገሬ በፊት ግን አሰብኩ። አሰብኩና ጨመርኩበት፤ ለሚቀጥለው ወርም እንዲሆነኝ። በለቅሶ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ፣ እንባዬ ሳይደርቅ፣ ሒሳብ ሠራሁ።

ሰንሻይን ሥጋ ቤት የሚሠራው ልጅ ኪሱ ውስጥ የነበረውን ሁሉ አወጣ። ቢሮ በማጽዳት ልጆቿን የምታሳድገው ኸድጃ በስልኳ ትራንስፈር አደረገች። እትዬ ዘይነብ የዚህን ወር ኪራይ ተወው አሉኝ። ጋሼ እንድሪስ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ አሉ፤ ሞሉም። አንዳቸውም ከተረፋቸው አልሰጡም። እናቴ ቶሎ ትረፍ ብለው ነው። እኔ በማግስቱ ለፕላኑ ከፈልኩ። ድርጅቱ እንደ ልማዱ የድካሙን ቆረጠ። ከለቅሶ ገንዘብ! አይቼ አበድኩ፤ የት ይደርሳል የእነዚህ ሰዎች ስግብግብነት ብዬ የመኪናዬን መሪ ደበደብኩት። እነሱ ግን የለቅሶ ገንዘብ መሆኑን አላወቁም። ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ፕላኑ አልፈረሰም። የቫኑ አበዳሪም ከሳምንታት በኋላ ሰልችቶት ይሁን አዝኖልኝ፣ ፕላኑን ተቀበለ። እኔ ዳንኩ። እናቴ ግን ሜልበርን ውስጥ ሞታ ቀረች።

ከዚያ ወዲያ እናቴን የማነጋግራት መኪናዬ ውስጥ መስኮት ዘግቼ ነው። እንደ አበዳሪ። ድሮ "እማ ናት፣ ሰላም በሏት" ብዬ ስልኩን ለእትዬ ዘይነብ አቀብል ነበር ማለት እንኳ አልችልም፤ አንድም ቀን አላገናኘኋቸውም፤ ያ ነው ያተረፈኝ። እሷ ግን ሁሉንም በስም ታውቃቸዋለች፤ በወሬ ወሬ ነግሬያታለሁ።

"ያ እንድሪስ የምትለው፣ ሥራ ያስገባህ፣ ደህና ነው?" ትለኛለች። "ዕድሜውን ያርዝመው። ሰላም በልልኝ።"

ምን ብዬ ነው ሰላም የምለው? እሳቸው በየረመዳኑ "የሰኢድን እናት አላህ ጀነት ይወፍቃቸው" እያሉ ዱዓ ያደርጉላታል፤ እሷ ለእሳቸው ዕድሜ ትለምናለች። ሁለቱም ለእኔ ሲሉ ይለምናሉ፤ መሀላቸው የቆምኩት ውሸት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ "ወስደህ አገርህን አሳየኝ እንጂ፤ እነ እንድሪስን ባይኔ ልያቸው" አለችኝ። ሥራ ሲሻሻል አልኳት። ሥራው ተሻሻለ። አላመጣኋትም። በምን ፊቴ አመጣታለሁ? ለቅሶዋን የተቀመጠ ሰው ኤርፖርት ቆሞ ሊቀበላት ነው? ያቺ አንዲት "አዎ" እናቴን አገሬን ሳታይ አስቀረቻት።

ባለፈው መስከረም ሁሴን ደወለ። ወደ ሥራ ልወጣ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። እማ አልፋለች አለኝ። በእንቅልፏ ነው። ቀብረው ነው የደወለልኝ፤ እኛ ዘንድ ሬሳ አይቆይም።

"መቃብሩ ላይ ቆሜ" አለ ሁሴን፣ ድምፁ እየተሰበረ፣ "እናቴ ላይ ዕዳ ያለው ካለ ይምጣ፣ እኔ እከፍላለሁ አልኩ። አንድ ሰው አልወጣም። እንዲህ ንጹህ ሆና ነው የሄደችው ሰኢዴ፤ ለዚህ አልሐምዱሊላህ በል።"

አልሐምዱሊላህ አልኩ። መውጣት የነበረባቸው ሰዎች ሜልበርን እንዳሉ እሱ በምን ያውቃል?

ሥራ ገባሁ። የት ልቅር? ጋሼ እንድሪስ ገና ሲያዩኝ "ምነው ዓይንህ?" አሉኝ። እዚህ አገር በመስከረም አበባው ሲያብብ የግማሹ ሰው ዓይን ይቀላል። "ሄይ ፊቨር ነው ጋሼ" አልኳቸው። "ታብሌት ውሰድበት እንጂ" አሉና ከኪሳቸው ሶፍት አውጥተው ሰጡኝ። በዚያ ሶፍት ለእናቴ የፈሰሰውን እንባ ጠረግሁ። በምሳ ሰዓት መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ ያን ቀን የጮኽኩበት ቦታ ላይ፣ የልብሴን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ። ማንም ፍራሽ አላነጠፈልኝም። ማንም በሬ ላይ ጫማውን አላወለቀም። ማን ይምጣ? ለእናቴ መጥታችሁ ጨርሳችኋል። ለቅሶዋን ሸጬዋለሁ።

በቅርቡ ያቺ የድርጅቱ ሴት ደውላ ፕላኑ ማለቁን አበሰረችኝ። "ከዛሬ ጀምሮ ነጻ ሰው ነህ" አለች፣ እየሳቀች። ስልኩን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። ነጻ! ለጮኸው ሁሉ ከፍያለሁ። ፍርድ ቤት ላለኝ፣ ለደወለብኝ፣ ጤናዬን እየጠየቀ ላነቀኝ ሁሉ፣ ከነወለዱ ከፍያለሁ። ያልጠየቃችሁኝ እናንተ ብቻ ናችሁ ያልተከፈላችሁት። ሳትጠይቁኝ ስለቀራችሁ።

ገንዘባችሁን አሟልቼ ይዣለሁ። ቅዳሜ እትዬ ዘይነብ ሳሎን ኑ ብያችኋለሁ፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳችሁም። የራሴን ምላስ ስለማላምነው ይህን ወረቀት አነብላችኋለሁ። ድህነት ነው፣ ስደት ነው፣ የአበዳሪ ጭካኔ ነው አልልም። እነሱ ጨካኞች ነበሩ፤ እናንተ ግን አልነበራችሁም፤ እኔ ደግሞ የዘረፍኩት እናንተን ነው። እኔን አፉ ማለትና አለማለት የእናንተ ነው፤ አፉ ባትሉኝ አይገርመኝም፣ አልከራከርም።

አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ እሱም ለእኔ አይደለም። ጋሼ እንድሪስ፣ ስሟን አንድ ጊዜ ጠርተው ዱዓ አድርገውላታል፤ ከዚያ እኔ ዕዳ አለባት አልኩዎት። ቅዳሜ እንደገና ይጥሩልኝ። ፋጡማ ይማም ዕዳ የለባትም።